ለእርሻ ንግድ የሚሆን ስልክ እንዴት ይመረጣል?

ስለ ስማርት ስልክ ጠባይና አመራረጥ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በሬ የሚገዛ ገበሬ ወደ ገበያ ሲወጣ የቀንዱን ማማርና የቆዳውን መልክ ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፤ ሻኛውንና ደረቱን ይዳስሳል፤ አስኬዶም አረማመዱን ይመለከታል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን በሬውን የሚፈልገው ለእርሻ ነው ወይስ ለማድለብ የሚለውን በልቡ ወስኖ ይወጣል። ለንግድ ሥራ የሚሆን ስልክም የሚገዛው በዚሁ ዐይነት ጥንቃቄ መሆን አለበት። ይሁን እንጂ በበሬ የማይታለሉ ብዙ ገበሬዎች ስልክ ሲገዙ ሻጩ የነገራቸውን ብቻ ሰምተው የወራት ድካማቸውን ይከፍላሉ። የዚህ ትምህርት ዓላማ ገበሬው ስልክን እንደ ማናቸውም የእርሻ መሣሪያ መርምሮ፣ በሒሳብ አመዛዝኖ እንዲገዛ ለመርዳት ነው።

ትምህርቱ በተለይ የሚመለከተው ከቦሌ ጀምሮ በቡልቡላ፣ በገርጂ፣ በጎሮ፣ በሰሚት፣ በአራብሳ፣ በአያትና በኮተቤ፣ እንዲሁም ከከተማው ወጣ ብሎ በለገጣፎና በሰንዳፋ ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልትና እህል እያመረቱ የሚሸጡትን ነው። በዚህ በኩል ትናንት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት ከነበረው መሬት ብዙው ዛሬ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ሆኗል። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ መሆኑ የከተማውን መስፋት ያስረዳል። ስለዚህ መሬቱ ቢጠብም ገበያው እደጃፍ ድረስ መጥቷል ማለት ነው። ስልክ ጠቃሚ የሚሆነው ይህን የቀረበ ገበያ ለመያዝ ሲያገለግል ነው።

1. በመጀመሪያ ሥራውን መለየት

የእጅ ስልክ አገልግሎት በአገራችን የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ስልኮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ባለ ቁልፍ ስልክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኢንተርኔት የሚያስገባና ልዩ ልዩ ፕሮግራም የሚጫንበት ስማርት ስልክ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን እንደ ሥራው ነው።

ባለ ቁልፍ ስልክ የሚበቃባቸው ሥራዎች የሚከተሉት ናቸው።

(ሀ) ለደንበኛ መደወልና የዕለቱን ዋጋ መጠየቅ። ሦስት ገዢዎች ዘንድ ደውሎ ዋጋ ለማወዳደር ስማርት ስልክ አያስፈልግም።

(ለ) የእርሻ ምክር በድምፅ መስማት። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር የተቋቋመው ከተራ ስልክ ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲደወልለት ሆኖ ነው።

(ሐ) ገንዘብ መቀበልና መላክ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ኮከብ 127 መሰላል (*127#) ተብሎ ሲደወል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ስማርት ስልክ የሚያስፈልግባቸው ሥራዎች ደግሞ እነዚህ ናቸው።

(ሀ) የታመመ ሰብል ወይም ከብት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለልማት ሠራተኛ ወይም ለእንስሳት ሐኪም መላክ፤

(ለ) ምርቱን በቴሌግራም ለሰፈር ነዋሪዎች ማሳየትና ትእዛዝ መቀበል፤

(ሐ) የባንክን ፕሮግራም ጭኖ የገቢና የወጪ ዝርዝርን መመልከት፤

(መ) የወተት፣ የመኖና የመድኃኒት መዝገብ መያዝ፤

(ሠ) ለገዢው መኪና ቤቱ ያለበትን ቦታ በካርታ ማመልከት።

መመሪያው እንደሚከተለው ነው። ከእነዚህ ከአምስቱ ሥራዎች ቢያንስ ሁለቱን በየሳምንቱ የሚሠራ ገበሬ ስማርት ስልክ ቢገዛ ይጠቀማል። የማይሠራ ከሆነ ግን ባትሪው ብዙ ቀን የሚቆይ ባለ ቁልፍ ስልክ ይብቃው፤ ቀሪውን ገንዘብ በመኖ ወይም በተሻሻለ ዘር ላይ ያውለው። የንብ ቀፎ ቢያምር ንብ ካልገባበት ማር አይሰጥም፤ የስልክ ቀፎም እንዲሁ ነው።

2. ከመግዛት በፊት ሒሳብ ማድረግ

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተወሰዱ ስለሆነ እያንዳንዱ ገበሬ የራሱን ዋጋ አስገብቶ ያስላ።

ኮተቤ አካባቢ ሦስት ላሞች ያሏት አንዲት ገበሬ አለች እንበል። ከወተቷ 5 ሊትሩን በየቀኑ ለወተት ሰብሳቢ ከመስጠት ይልቅ በቴሌግራም ላገኘቻቸው የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ብትሸጥ በሊትር 10 ብር ብልጫ ታገኛለች። ይህ በቀን 50 ብር፣ በ30 ቀን 1,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለኢንተርኔት 300 ብር፣ ለማድረሻ 400 ብር ሲቀነስ 800 ብር ይተርፋታል።

ነገር ግን የወተት ገበያ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾሞችም አሉ። በእነዚህ ወራት ብዙ ደንበኞች ወተት ስለማይገዙ ትርፍ የሚገኝበትን ጊዜ በዓመት 9 ወር ብቻ፣ በቀሩት 3 ወራት ደግሞ ገቢና ወጪ እኩል እንደሚሆን አድርገን እንቍጠር። እንግዲህ ስልኩ በዓመት የሚያስገኘው ትርፍ 800 ጊዜ 9፣ ማለት 7,200 ብር ነው። አሁን ሦስት ስልኮችን እናወዳድር።

የመጀመሪያው ስልክ ዋጋው 9,000 ብር ሆኖ በ1 ዓመት የሚበላሽ ነው። የሚያስገኘው 7,200 ብር ስለሆነ 1,800 ብር ኪሣራ አለው።

ሁለተኛው ስልክ ዋጋው 16,000 ብር ሆኖ 3 ዓመት የሚያገለግል ነው። የሚያስገኘው 21,600 ብር ስለሆነ 5,600 ብር ትርፍ አለው።

ሦስተኛው ስልክ ዋጋው 40,000 ብር ሆኖ እሱም 3 ዓመት የሚያገለግል ነው። የሚያስገኘው ያው 21,600 ብር ስለሆነ 18,400 ብር ኪሣራ አለው።

ከዚህ የምንረዳው በጣም ርካሹም በጣም ውዱም ስልክ ሊያከስር እንደሚችል ነው። ውዱ ስልክ ወተቱን በሊትር አንድ ሳንቲም እንኳ አስበልጦ አይሸጥም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ስለ ጨመረ ይህ ሒሳብ ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

እንደዚሁም ስልክን በአጭር ጊዜ ብድር መግዛት አይመከርም። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ በስልክ አነስተኛ ብድር ይሰጣል። ይህ ብድር መኖ ገዝቶ ወተት ሸጦ ቶሎ ለሚመልስ ሰው ይጠቅማል። የስልክ ትርፍ ግን በወራትና በዓመት የሚገኝ ስለሆነ፣ የብድሩ ቀን ከትርፉ ቀን ቀድሞ ይደርሳል።

3. የስልኩን ጠባይ ማወቅ

ሻጩ የሚጠራቸው ቃላት እንግዳ ቢመስሉም ነገሩ ለገበሬ አስቸጋሪ አይደለም።

ራምና ማከማቻ። ራም ማለት ስልኩ በአንድ ጊዜ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ሲሆን በአውድማ ይመሰላል። ማከማቻ ደግሞ ፎቶግራፉና መዝገቡ የሚቀመጥበት ጎተራ ነው። አውድማው ከጠበበ ጎተራው ቢሰፋም ሥራው ይጓተታል። ለንግድ ሥራ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአንዳንድ ካርቶን ላይ «8 ጊጋባይት ራም» ተብሎ በትልቁ ከተጻፈ በኋላ በትንንሽ ፊደል «4+4» የሚል ይገኛል። ይህ ማለት እውነተኛው ራም 4 ብቻ ሲሆን፣ የቀረው 4 ከጎተራው ተቆርሶ ለአውድማ የተሰጠ ነው። በፍጥነቱ ከእውነተኛው ጋር አይተካከልምና የ8 ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም።

ባትሪ። የባትሪ አቅም የሚለካው በሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ለገበሬ 5,000 እና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል፤ ምክንያቱም መብራት በሚጠፋበት ቀን ትእዛዝ ሳይቀበሉ መዋል ደንበኛን ያሳጣል። የኃይል መሙያው ጫፍ ታይፕ ሲ የሚባለው ቢሆን ገመዱ በቀላሉ ይገኛል።

ኔትወርክ። በአዲስ አበባ 4ጂ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ 5ጂ ደግሞ በሙከራ የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። ለገበሬ ንግድ 4ጂ ይበቃል፤ ለ5ጂ ተብሎ የሚጨመረው ገንዘብ ወተትም እንቁላልም አያስበልጥም። መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ አገልግሎት ስለ ጀመረ፣ ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ስልክ መምረጥ የአንዱ ኔትወርክ ሲደክም በሌላው ለመጠቀም ይረዳል። ዳሩ ግን በቦሌ መድኃኔዓለም ሱቅ ውስጥ የሚታየው ኔትወርክ በሰንዳፋ ማሳ ላይ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የጎረቤት ስልክ ተውሶ በበረቱና በማሳው ላይ የትኛው ኔትወርክ እንደሚሻል መፈተን ይገባል።

ካሜራ። የሜጋፒክስል ቁጥር መብዛት ብቻውን ጥሩ ካሜራ አያደርግም። በሱቁ ውስጥ በካርቶኑ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሕፈት ከአንድ ስንዝር ርቀት አንሥቶ አጉልቶ ማየት ነው። ፊደሉ ጠርቶ ከተነበበ፣ በቅጠል ላይ ያለ የዋግ ምልክትም ይታያል ማለት ነው። ጥቅሙን ለመገመት በ2002/2003 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በአገራችን ስንዴ ላይ ያደረሰውን ከባድ ጉዳት ማስታወስ ይበቃል። ዋግ በነፋስ ስለሚዛመት የመጀመሪያውን ምልክት በዕለቱ አሳይቶ ምክር መቀበል ሰብልን ሊያድን ይችላል።

አቧራና ውሃ። በካርቶኑ ላይ «አይፒ» ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ የመጀመሪያው አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን የመከላከል ኃይሉን ያመለክታል። ለምሳሌ 54 የተባለው መጠነኛ አቧራንና የውሃ ፍንጣቂን ይችላል፤ 68 የተባለው ደግሞ አቧራ የማያስገባና ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ለጊዜው የሚቋቋም ነው። በጤፍ ውቂያና በወተት ዕቃ አጠገብ ለሚውል ስልክ ይህ ቁጥር ከውበቱ ይልቅ ይጠቅማል።

የአንድሮይድ ዘመን። ስልኩ የሚሠራበት ፕሮግራም በጣም አሮጌ ከሆነ የባንክ ፕሮግራሞች አልቀበል ይላሉ፤ ከሌባም ጥበቃው ይደክማል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የአንድሮይዱን ቁጥርና የመጨረሻው እድሳት የተደረገበትን ቀን ማየት ይቻላል።

ጠጋኝና መለዋወጫ። ማረሻ ሲሰበር አንጥረኛው ቅርብ መሆን አለበት። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ትራንሽን የሚባለው የአንድ ኩባንያ ስልኮች ናቸው፤ እነዚህና ሳምሰንግ በከተማችን በብዛት ስላሉ ስክሪናቸውንና ባትሪያቸውን ማግኘት አያስቸግርም። እምብዛም ያልታወቀ ስልክ በዋጋ ቢረክስም ሲሰበር መለዋወጫው ካልተገኘ ተጥሎ ይቀራል።

4. በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያም ሆነ በመገናኛ ሕንፃዎች ውስጥ የስልክ ሱቅ ሞልቷል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሱቅ መግዛት አያስፈልግም፤ ቢያንስ የሦስት ሱቆችን ዋጋ ጽፎ ማወዳደር ይገባል። ከዚያም ይህን በቅደም ተከተል ማድረግ ነው።

1ኛ/ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል (*#06#) ሲደወል አይኤምኢአይ የሚባል ባለ 15 አሐዝ ቁጥር ይወጣል። ይህ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ስልኩንና ካርቶኑን ያገናኛቸው ሌላ ሰው ነው።

2ኛ/ የራሳችሁን ሲም ካርድ አስገብታችሁ ደውሉ፤ ኢንተርኔት ክፈቱ፤ ድምፁን በሁለቱም በኩል ስሙ።

3ኛ/ በማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ የራሙንና የማከማቻውን መጠን ሻጩ ከነገራችሁ ጋር አመሳክሩ።

4ኛ/ ስልኩን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። በፀሐይ ላይ ስክሪኑ የማይነበብ ከሆነ በማሳ ላይም አይነበብም።

5ኛ/ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጽፋችሁ ፈትኑ፤ ፊደሉም ለዐይናችሁ እንዲበቃ አድርጋችሁ አጉሉት።

6ኛ/ አይኤምኢአዩ የተጻፈበት ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ተቀበሉ። ደረሰኝ አልሰጥም የሚል ሻጭ ዋጋ ቢቀንስም መተው ይሻላል።

ያገለገለ ስልክ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የቀድሞው ባለቤት የጉግል ወይም የአፕል አካውንት ካልወጣለት ስልኩ ከጥቂት ቀን በኋላ ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ ስልኩ በፊታችሁ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ ተከፍቶ የማንንም የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ሲቀር ብቻ ይገዛል። ከውጭ አገር የመጣ ከሆነም ለዚያ አገር ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ አለመሆኑ በራስ ሲም ካርድ ይፈተናል። ከመንገድ ላይ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ስልክ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ፣ ገንዘቡን ከማጣት በላይ በሕግ ያስጠይቃል።

5. ገንዘብ ያለበትን ስልክ መጠበቅ

ገንዘብ የሚቀበል ስልክ እንደ ገንዘብ ሣጥን ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚጎዳው በስልኩ ጉድለት ሳይሆን በሰው ተንኮል ነው። ስለዚህ እነዚህ አራት ደንቦች በቤተ ሰቡ ሁሉ ይታወቁ።

የምስጢር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገርም። «ከባንክ ነኝ፤ ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ደውሎ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው አታላይ ነው። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም።

ገዢው «ገንዘቡን ልኬአለሁ» ብሎ በስልኩ ያሳየው ሥዕል ደረሰኝ አይደለም፤ መልእክትም ተመስሎ ሊላክ ይችላል። ገንዘቡ መግባቱ የሚታወቀው ሻጩ የራሱን ቀሪ ሒሳብ ከፍቶ ሲያይ ነው። ሒሳቡ ሳይታይ ወተቱም፣ በጉም፣ እህሉም ከግቢ አይውጣ። ጨዋ ገዢ ሁለት ደቂቃ ቢጠብቅ አይቆጣም።

በስልኩ ላይ መቆለፊያ ይደረግበት፤ የመቆለፊያውና የገንዘቡ የምስጢር ቁጥር አንድ አይሁን። የልደት ዓመትም አይሁን፤ ሌባ በመጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነውና።

ስልኩ ቢጠፋ ሳይውል ሳያድር ሲም ካርዱን ማዘጋት ያስፈልጋል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በሌላ ሰው ስልክ ወደ 994 ይደውል፤ ለባንኩም ያስታውቅ። አይኤምኢአዩ የተጻፈበት ደረሰኝ ለፖሊስ ሲያመለክቱ የሚጠቅመውም በዚህ ጊዜ ነው።

6. አያያዝ

የስልክ ባትሪ ሙቀትን አይወድም። በማሳ ዳር በፀሐይ ላይ ወይም በምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ባትሪው ቶሎ ያረጃል። በውቂያና መኖ በሚፈጭበት ጊዜ በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት ይቀመጥ። ውሃ ወይም ወተት ከገባበት ወዲያው አጥፍቶ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ሳይከፍቱና ኃይል ሳይሞሉ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ነው፤ በእሳት ማድረቅ ግን ጨርሶ ያበላሸዋል። መስታወቱን የሚጠብቅ ልባጥና ጠንካራ ሽፋን ከመጀመሪያው ቀን ይደረግለት። የደንበኞች ስምና ስልክ ቁጥር በደብተርም ላይ ይገልበጥ፤ ስልኩ ቢጠፋ ደንበኛው አብሮ እንዳይጠፋ።

7. ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ማስተማር አይበቃም። ቢቻል አንድ ባለ ቁልፍና አንድ ስማርት ስልክ ይዞ፣ ከ10 በማይበልጡ ሰዎች ፊት አሠራሩን ማሳየት ይሻላል። ወተቱንና እንቁላሉን የሚሸጡት በብዙ ቤት ሴቶች ስለሆኑ፣ ስልኩም ትምህርቱም ለእነርሱ መድረሱን ተከታተሉ። ገንዘቡ በባል ስልክ የሚገባ ከሆነ ላሚቱን የምታልበው ሚስት ሒሳቡን ሳታውቅ ትቀራለች።

የታመመ ሰብል ፎቶግራፍ እንዲልኩላችሁ ስታስተምሩ ሦስት ሥዕል ጠይቁ፤ አንዱ የቅጠሉን ሁለት ገጽ በቅርበት፣ ሁለተኛው ሙሉውን ተክል፣ ሦስተኛው ማሳውን ከሩቅ የሚያሳይ ይሁን። ከሥዕሉ ጋር የተዘራበት ቀን፣ የዘሩ ዐይነትና የተረጨ መድኃኒት ካለ ስሙ ይጻፍ። ይህ ሁሉ ሆኖ ፎቶግራፍ ማሳን መጐብኘትን አይተካም፤ የትኛውን ማሳ አስቀድሞ መጐብኘት እንደሚገባ ግን ያመለክታል።

ማጠቃለያ

ሥራውን ለይ፤ ሒሳቡን አስላ፤ አውድማውንና ጎተራውን መርምር፤ ኔትወርኩን በማሳህ ላይ ፈትን፤ ቁጥሩን ከካርቶኑ ጋር አመሳክር፤ ደረሰኝ ተቀበል፤ የምስጢር ቁጥርህን ለማንም አትንገር። ይህን ያደረገ ገበሬ በስልኩ ይነግዳል፤ ያላደረገ ግን ስልኩ በእርሱ ይነግድበታል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ካለው ሥራ ስማርት ስልክ የሚፈልገው የትኛው ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ ይሠራል?

2. የራሳችሁን ዋጋ አስገብታችሁ ብታሰሉ ስልኩ በስንት ወር ራሱን ይከፍላል? የጾም ወራትንስ እንዴት ቈጠራችኋቸው?

3. «8 ጊጋባይት (4+4)» የሚል ካርቶን ብታዩ ምን ትረዳላችሁ?

4. ገዢው የከፈለበትን ሥዕል አሳይቶ መኪናው ቸኩሏል ቢል ምን ታደርጋላችሁ?